ሻንጣውን ማን ያንሣው?

በእኛ አገር ሻንጣ የሚያሽገው ተጓዡ ብቻ አይደለም፤ ቤተሰቡ በሙሉ ነው። እናት በርበሬውንና ሽሮውን በፌስታል ላይ ፌስታል ደርባ ትጠቀልላለች። አክስት "ይቺን ለልጄ ብቻ" ብላ ሁለት ኪሎ ቡና ይዛ ትመጣለች። ጎረቤት ድርቆሽ ይልካል። አባት ሻንጣውን ታቅፎ ሚዛን ላይ ይወጣና የራሱን ኪሎ ይቀንሳል። 23 ኪሎ ካለፈ የተረፈው ወደ እጅ ሻንጣ ይዛወራል፤ የእጅ ሻንጣን ማን ይመዝነዋል ተብሎ።

የዛሬው ጨዋታዬ ስለዚያ ስለተረፈው ኪሎ ነው። ከቤት ሲወጣ ባለቤት ያጣው ክብደት መጨረሻ ላይ የሆነ ሰው ትከሻ ላይ ማረፉ አይቀርም።

የአክስቴ ልጅ ሆስተስ ናት። ስንገናኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቃት ስለ ዱባይና ስለ ፓሪስ ነው። ከሥራዋ ምን እንደሚያማርራት የጠየቃት ሰው ግን ሁለት መልስ ያገኛል፦ ሻንጣና የሥራ ባልደረባ። ሲሰሙት የማይገናኙ ይመስላሉ። ስታብራራው አንድ ጉዳይ ናቸው።

ተሳፋሪው ሻንጣውን እየጎተተ ይገባና "እህቴ፣ እስቲ ስቀይልኝ" ይላል። በብዙ አየር መንገዶች አሠራር የበረራ አስተናጋጅ ቦታ ታሳያለች፣ ታግዛለች እንጂ ብቻዋን አታነሣም። ትዕቢት አይደለም። በየበረራው ያን ያህል ሻንጣ ከራስ በላይ ማንሣት ወገብና ትከሻ ይጨርሳል። አንዷ ባልደረባ ግን አዝና ታነሣለች። ቀጣዩ ረድፍ ላይ ያለው ተሳፋሪ ይህንን አይቶ ሌላዋን ይጠራል። መመሪያውን ስትነግረው "ያቺኛዋ አንሥታ የለም እንዴ?" ይላታል። ደጓ ልጅ ሳታስበው ጓደኛዋን ክፉ አስመሰለቻት፤ የራሷንም ወገብ አሳመመች።

ሌሎችም አሉ። ተሳፋሪ መግባት ሲጀምር ምግብ ማዘጋጃው ውስጥ ገብቶ መጋረጃ የሚስብ አለ። የራሱን ሻንጣ ቀድሞ ከተሳፋሪው ወንበር በላይ ያስቀምጥና ቦታ ሲጠፋ ዝም የሚል አለ። "እኔ ስንት ዓመት አገልግያለሁ" ብሎ ከባዱን ሥራ ለአዲሷ ልጅ የሚተው አለ። በትልልቅ አየር መንገዶች ደግሞ የበረራ ቡድን በየጉዞው ይቀያየራል። ዛሬ አብሯችሁ የበረረውን ሰው ለወራት ላታገኙት ትችላላችሁ። ይህ እፎይታም ችግርም ነው። ካስቸገረ ሰው ጋር ለዓመት አትታሰሩም፤ ግን "ነገ አላየው" ተብሎ ስለሚታለፍ ማንም አይመክረውም።

ከዚያ የላይኛው ሳጥን ይሞላል። የቀሩት የእጅ ሻንጣዎች ታግ ታስሮላቸው ወደ ታችኛው የጭነት ክፍል መውረድ አለባቸው። እዚህ ጋ የአየርና የምድር ሠራተኛ ይጋጠማሉ። "በር ላይ ለምን አሳለፋችሁት?" ይላሉ የበረራዎቹ። "ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁንም?" ይላሉ የምድሮቹ። አየር መንገዶች አንድ በረራ ሲዘገይ ምክንያቱን በኮድ ይመዘግባሉ፤ ኮዱም ጥፋቱን ወደ አንድ ክፍል ይወስደዋል። ስለዚህ ክርክሩ የኩርፊያ ብቻ አይደለም፤ የመዝገብ ጉዳይ ነው። በማርኬቲንግ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን እናውቀዋለን። ሽያጭ ሲወርድ ሽያጭ ክፍል ማርኬቲንግን፣ ማርኬቲንግ ደግሞ ዋጋውን ይከሳል። ደንበኛው ግን የሚያየው አንድ ድርጅት ነው።

ከታች ያሉትንም እናስታውስ። እንደ ቦይንግ 737 ባሉ አውሮፕላኖች ሻንጣ የሚጫነው አንድ በአንድ በእጅ ነው። የጭነት ክፍሉ ሰው ቀጥ ብሎ የማይቆምበት ስለሆነ ጫኙ ተንበርክኮ እየተቀበለ ይደረድራል። አንድ ሻንጣ ከ32 ኪሎ እንዳይበልጥ በብዙ ቦታ የሚከለከለው አውሮፕላኑ ስለማይችል ሳይሆን የሰው ወገብ ስለማይችል ነው። በእኛ ሙያ ማስታወቂያ ስንሠራ ፈገግ ያለች ሆስተስ እናሳያለን። ተንበርክኮ የሚጭነውን ሰው ያሳየ ማስታወቂያ አይቼ አላውቅም።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካን ኤርላይንስ ለመጀመሪያው ሻንጣ 15 ዶላር ማስከፈል ጀመረ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ሰውም ሻንጣውን ይዞ ወደ ውስጥ መግባትን መረጠ። በዚያ አገር አሠራር የበረራ አስተናጋጆች የሰዓት ክፍያ ባብዛኛው መቁጠር የሚጀምረው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነበር። ማለትም የሻንጣው ትግል የሚካሄደው በማይከፈልበት ሰዓት ነበር። ዴልታ ለመሳፈሪያው ጊዜ የመደበኛውን ግማሽ መክፈል የጀመረው በ2022 ነው። ድርጅቱ ከሻንጣ ገቢ ሲያገኝ ድካሙ ለሠራተኛው ተረፈ።

"ታዲያ ለአንድ ሻንጣ ይህን ያህል?" የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 2024 ቶኪዮ ሃኔዳ አውሮፕላን ማረፊያ የሆነውን አስታውሱ። የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላን ሲያርፍ መንደርደሪያው ላይ ከነበረ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ተቃጠለ። በትንሹ አውሮፕላን ከነበሩት ስድስት ሰዎች አምስቱ ሞቱ። በትልቁ የነበሩት 379 ሰዎች ግን ሁሉም በሕይወት ወጡ። ለዚህ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ተሳፋሪዎቹ ሻንጣቸውን ትተው መውጣታቸው ነው። አውሮፕላን ፈቃድ ሲያገኝ ከመውጫዎቹ ግማሹ ብቻ ተከፍቶ ሰው ሁሉ በ90 ሴኮንድ መውጣት እንደሚችል መረጋገጥ አለበት። በዚያ ስሌት ውስጥ በርበሬ ፍለጋ እጁን ወደ ላይ የሚዘረጋ ሰው የለም።

ያን ቀን "ሻንጣ ተዉ፣ ውጡ!" ብላ የምትጮኸው ያቺው ሻንጣ ስቀይልኝ ያልናት ልጅ ናት። ወገቧን አሟት ከሆነ፣ ወይም ከወዲያኛው በር ላይ ካለው ባልደረባዋ ጋር በጠዋቱ ጭቅጭቅ ተኳርፋ ከሆነ፣ ጉዳዩ የእኛም ነው።

እንግዲህ ከቤት የሚጀምሩ ጥቂት ነገሮች አሉ። ራሳችሁ ከራሳችሁ በላይ ማንሣት የማትችሉትን ሻንጣ ይዛችሁ አትግቡ። እናት አባታችሁን ስትሸኙ ይህን እነሱን አስባችሁ አሽጉ፤ ማንሣት የማይችሉትን ከባዱን ከታች ለሚጫነው ስጡ። ፓስፖርት፣ መድኃኒት፣ ወርቅና ፓወር ባንክ በአንድ ትንሽ ቦርሳ ይሁኑ። የእጅ ሻንጣችሁ በር ላይ ከተወሰደ ቦርሳዋን ብቻ መዝዛችሁ ትገባላችሁ። ፓወር ባንክ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ወደ ጭነት ክፍል መውረድ የለበትም። የድሮ ታጎችን ቅደዱ፤ ስምና ስልካችሁን ሻንጣው ውስጥም አስቀምጡ።

ሻንጣ ከጠፋ ወይም ከተሰበረ ደግሞ ከአዳራሹ ሳትወጡ አስመዝግቡ፤ የታጉን ቁራጭም አትጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የሞንትሪያል ስምምነት በሚሠራበት ጉዞ ለጉዳት በ7 ቀን፣ ለዘገየ ሻንጣ ደግሞ ሻንጣው በእጃችሁ ከገባ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ይጠበቅባችኋል። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ልጅ ሻንጣችሁን አልጣለችውም፤ ልታገኝላችሁ የምትችለው ግን እሷ ናት። ድምፃችሁን ለዚያ ቆጥቡት።

አንድ ነገር ልጨምር። አውሮፕላን በር ላይ ቆመው "እንኳን ደኅና መጣችሁ" ሲሏችሁ ሰላምታ ብቻ አይደለም። በዚያች አፍታ ማን ታሟል፣ ማን ጠጥቷል፣ ችግር ቢመጣ ማን ሊያግዝ ይችላል እያሉ ያዩናል። ስልኩን ከጆሯችን አውርደን ዓይናቸውን እያየን ሰላም እንበላቸው። ልጆቻችንም ይህን ሲያዩ ይደጉ።