ውሻው ይውጣ፣ ገመዱ ግን አይፈታ

ዛሬ በግቫት ጺዮን ልጆቻችን ውሻ ቤት ውስጥ ያሳድጋሉ። እኛ አገር ቤት የምናውቀው ውሻ ደጅ አድሮ ጅብና ሌባ የሚያባርር ነው፤ ማን ገመድ ይዞ ሽርሽር ወሰደው! ስለዚህ አርብ ጠዋት ልጆቹ ውሻቸውን ይዘው ወደ ኒጻኒም ሽሙራት ቴቫ ሲሄዱ እኛ ቤት እንቀራለን። አብረን ከሄድንም «ሜዳ አይደል እንዴ፣ ፍቱት ይሩጥ» እንላለን።

አንፍታው። በአሽቀሎንና በአሽዶድ መካከል ባለው በዚያ አሸዋማ ሜዳ ሚዳቋ አለ። ሚዳቋ ግልገሏን ሣር ውስጥ ደብቃ ትሄዳለች፤ ግልገሉም ሳይነቃነቅ ይተኛል። የተፈታ ውሻ በጠረኑ ያገኘዋል። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ሕግም ከቤት ውጭ ገመዱ ከ5 ሜትር እንዳይበልጥ፣ የያዘውም ሰው ውሻውን መቆጣጠር የሚችል እንዲሆን ያዛል። ትልቅ ውሻ ሲጎትት የ8 ዓመት ልጅ ምን ያደርጋል? ለዚህ ነው እኛ አብረን መሄድ ያለብን።

የእብድ ውሻ በሽታን መፍራታችን ልክ ነው፣ አገር ቤት አይተነዋል። እዚህ ግን ክትባቱ በሕግ ግዴታ ስለሆነ ልጆቹን «ወረቀቱን አሳዩን» እንበላቸው። ከመውጣታችሁ በፊትም ጠይቁ፤ ውሻ የማያስገባ ሽሙራ አለ። ውሃ ለውሻውም ያዙለት፣ የበጋው አሸዋ እግሩን ያቃጥለዋል።