ቤተ ክርስቲያን ጣውንቴ ስትሆን



በዚህ ዓምድ ስለ ትዳርና ስለ አገልግሎት ስጽፍ አብዛኛውን ጊዜ የሌሎችን ሰዎች ችግር እያነሣሁ ነው የቆየሁት። የሰው ቤት ሲሆን መምከር ይቀላል። ዛሬ ግን ስለ ራሴ ቤት ልጽፍ ወደድሁ። ባለቤቴን አስፈቅጄዋለሁ። «ጻፊው፤ ግን የራስሽንም ድርሻ አስገቢ» ብሎኛል።

የምናገለግለው በፍኖተ ሰላም ሲሆን፣ በቡሬና በዙሪያው ባሉ ገጠሮችም በየቤቱ የሚሰበሰቡ ጥቂት ቅዱሳን አሉን። የእኛ አካባቢ እንደ ደቡቡ ወይም እንደ ወለጋው በየመንደሩ ጸሎት ቤት ያለበት አይደለም። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በአገር አቀፍ ደረጃ ፕሮቴስታንት ነኝ ያለው ሰው ከመቶ ከ18 በላይ ሲሆን፣ በአማራ ክልል ግን ከሺህ ሁለት ሰው ያህል ብቻ ነበር። ቁጥሩ ለምን አስፈለገ ትሉኝ ይሆናል። ከሺህ ሁለት በሆነበት ስፍራ መጋቢ ሰባኪ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ለቅሶ ሲሆን መቃብር ፈላጊ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ አስታራቂ፣ ሰው ሲታመም አስታማሚ፣ ወንድም ሲከሰስ ዋስ እርሱ ነው። ስልኩም ሌሊትና ቀን አይለይም።

ነገሩ የሆነው ከዓመታት በፊት በኅዳር ወር ነው፤ በርበሬ በየደጁ በተሰጣበት ሰሞን። ከቡሬ ወዲያ ባለ ገጠር የሚኖሩ ባልና ሚስት ተጣልተው ሊለያዩ ነው የሚል መልእክት መጣ። ባለቤቴ በማለዳ ተነሥቶ ሄደ። ከአስፋልቱ ወርዶ በእግር የሚኬድበት ስፍራ ስለሆነ ስልክ አይሠራም። በዚያው ማታ ትንሿን ልጃችንን አተኮሳት። በእኛ አካባቢ ክረምት ሲወጣ ወባ እንግዳ አይደለችም። እኩለ ሌሊት ላይ ሰውነቷ ሲንቀጠቀጥ የጎረቤታችንን በር አንኳኳሁ። ጎረቤታችን የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ የሆኑ እናት ናቸው፤ ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። ምንም ሳይጠይቁ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ባትሪያቸውን ይዘው ወጡ። እኔ ልጄን አዝዬ፣ እሳቸው ከፊት እያበሩልኝ ጤና ጣቢያ ደረስን። እስኪነጋ ከጎኔ አልተለዩም። ሊነጋጋ ሲል «ልጄ፣ ያ ሰውሽ የሰውን ቤት ሲያቀና የራሱ እንዳይዘም» አሉኝ።

ባለቤቴ የተመለሰው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው። አቧራ ለብሶ፣ ግን ደስ ብሎት ነበር፤ ባልና ሚስቱ ታርቀዋል። ገና ደጁን ሳያልፍ ከሽማግሌዎቻችን የአንዱን ስም ጠርቶ «ጋሼ ደወሉ እንዴ?» አለኝ። «አልደወሉም» አልሁት። ውኃ አቀረብሁለት፤ እግሩን ታጠበ፤ ምሳ አቀረብሁለት። የልጅቱን መድኃኒት መስኮቱ ላይ አይቶ ነው «ማን ታመመ?» ያለኝ። በሦስት ቃል ነገርሁት። እርሱ ደንግጦ ወደ ልጅቱ ሮጠ፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል አኮረፍሁ። በቤታችን የሚሰማው «ብላ»፣ «መጣሁ»፣ «መብራቱን አጥፋው» ብቻ ሆነ። በዚያው ሳምንት ደግሞ ለሴቶች ኅብረት ከኤፌሶን 4፥26 ተነሥቼ በቁጣ ላይ ፀሐይ ሊጠልቅ እንደማይገባ አስተማርሁ። ትምህርቱ ልብ የሚነካ ነበር፤ ያለቀሱም እኅቶች ነበሩ። እኔም ቤቴ ገብቼ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ።

በልቤ የነበረውን በግልጽ ልናገር፦ ቤተ ክርስቲያን ጣውንቴ ሆና ነበር። ጣውንት ያለባት ሴት የምታደርገውን ሁሉ አደረግሁ። እርሷ ዘንድ ያደረውን ሌሊት ቆጠርሁ፤ ለትራንስፖርት የወጣውን ብር ቆጠርሁ፤ ስልኩ ሲጮኽ የደዋዩን ማንነት ከፊቱ ለማንበብ ሞከርሁ። ሌላ ሴት ብትሆን ጉዳዩን ወደ ሽማግሌዎች እወስደው ነበር። የጌታን ሙሽራ ግን ለማን ይከስሷታል? ብዙ የአገልጋይ ሚስቶች በዚህ ሕመም እንደሚሠቃዩ አውቃለሁ። ቅሬታችን ራሱ ኃጢአት ስለሚመስለን አናወጣውም። ያልወጣ ደግሞ ይመግላል።

ከዚህ ያወጣኝ ለሌላ ትምህርት ስዘጋጅ ያነበብሁት ዘጸአት 18 ነው። ምዕራፉን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሙሴ ከጥዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ አማቱ ዮቶር አይቶ ሸክሙን ለሺህ፣ ለመቶ፣ ለአምሳና ለዐሥር አለቆች እንዲያካፍል የመከረበት ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ስማር የአመራር ትምህርት ሲነሣ የማይጠቀስበት ጊዜ አልነበረም። ነገር ግን ሁልጊዜ የምንጀምረው ከቁጥር 13 ነበር። ያን ቀን ከቁጥር 1 ጀመርሁ፤ ዮቶር ብቻውን አልመጣም! ሙሴ ቀደም ሲል መልሷት የነበረችውን ሚስቱን ሲፓራን፣ ሁለቱን ልጆቹን ጌርሳምንና አልዓዛርንም ይዞ ነው የመጣው። ሙሴ ለምን እንደ መለሳት መጽሐፉ አይነግረንም። ወጥቶ አማቱን እንደ ተቀበለ፣ እንደ ሰገደለት፣ እንደ ሳመው፣ ወደ ድንኳኑም እንዳስገባው ግን ይናገራል። ሲፓራን ስለ መሳሙ አንድም ቃል የለም። በማግስቱም በጥዋት ተነሥቶ ወደ ፍርድ ወንበሩ ሄደ። (ወንድሞች ይህን ስነግራቸው «መጽሐፉ ስላልጻፈው አልሳማትም ማለት አይደለም» ይሉኛል። እውነት ነው። እኔም ክርክር ማንሣቴ አይደለም።)

እኔን የነካኝ የነገሩ ቅደም ተከተል ነው። ዮቶር ስለ አመራር ከመናገሩ በፊት ሚስትና ልጆችን ወደ ቤታቸው መለሰ። ምክሩም የአደረጃጀት ብልሃት ብቻ አልነበረም። በዚህ ዓይነት ከቀጠልህ አንተም ትደክማለህ፣ ሕዝቡም ይደክማል ነው ያለው። ከተቀበልኸው ግን ሕዝቡ ሁሉ ወደየስፍራው በሰላም ይሄዳል አለው። «የሰላም መንገድ» የሚል ስም ባለው ከተማ ተቀምጬ ይህን ሳነብ ፈገግ አልሁ። ደግሞም ዮቶር ከእስራኤል አልነበረም፤ የምድያም ካህን ነበር። ሙሴ ከባሕር መከፈል በኋላ እንኳ የውጭ ሰው ምክር ለመስማት አልናቀም። የእኛም ዮቶር ባትሪ ይዘው የወጡት እማማ ነበሩ፤ እኔ ግን የዚያን ሌሊት ንግግራቸውን በባሌ ላይ እንደ ማስረጃ ብቻ ነበር የያዝሁት።

አንድ ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ ቡና አፍልቼ «ሲፓራ ከመጣች በኋላ የት ደረሰች?» ብዬ ጠየቅሁት። የነገረ መለኮት ጥያቄ መስሎት ወደ ዘኍልቍ 12 ሄዶ ስለ ኢትዮጵያዊቱ ሴት ሊያብራራልኝ ጀመረ። «እኔ የምጠይቅህ እዚህ ስለተቀመጠችው ሲፓራ ነው» አልሁት። ዝም አለ። ከዚያም የሁለት ሳምንቱን ሁሉ አወጣሁት፤ ጣውንት የሚለውንም ቃል ተናገርሁ።

በቀላሉ ተቀበለ ብዬ አልዋሻችሁም። «እኔ ካልሄድሁ ማን ይሄዳል? አንድ ሰው ያልሆነ ቃል ቢናገር ያቺ ቤት ፈረሰች ማለት እኮ ነው» አለኝ። እውነት አለው። ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሳይጠሩኝ የቀሩ ጊዜ ደግሞ ይከፋኛል» አለ። ይህን ቃል ከሰማሁ በኋላ ልቤ ራራለት። እኔስ? የሴቶችን ኅብረት ዘጠኝ ዓመት መርቻለሁ። ባለቤቴን ሸክምህን አካፍል የምል ሴት የራሴን ቁልፍ ለማንም አልሰጠሁም ነበር። በኋላ ለአንዲት ወጣት እኅት ሳስረክብ ወር ሳይሞላት የስብሰባውን ቀን ለወጠችው። ሳምንት ሙሉ ተበሳጨሁ፤ አዲሱ ቀን ከእኔ ቀን ይሻል እንደ ነበር ያመንሁት ቆይቼ ነው።

ባለቤቴ ነገሩን ወደ ሽማግሌዎችና ወደ ገጠር ኅብረቶቹ ወሰደው። በየአካባቢው ለለቅሶ፣ ለታመመ ጥየቃና ለእርቅ ሰዎች እንዲመረጡ ጠየቀ። በአንዱ ገጠር አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሰምተው ሳቁ። «መጋቢ፣ እኛ ጤፉን በወንፈል ነው የምናርም። እርስዎ ያን ሁሉ ነፍስ ብቻዎን ሲያርሙ ኖሩ?» አሉት። ባለቤቴ ብዙ የአመራር መጻሕፍት አሉት፤ እስከ ዛሬ የሚደጋግመው ግን ይህን የወንፈሉን ነገር ነው።

መጀመሪያው ግን አላማረም። ከተመረጡት አንዱ ወንድም ለእርቅ ሄዶ የባልየውን ምስጢር በሚስት ዘመዶች ፊት ተናገረ። ሰውዬው አዝኖ ለወራት ከኅብረት ቀረ። ባለቤቴ «ነግሬሽ ነበር» ብሎ ሁሉንም መልሶ በእጁ ሊያደርግ ተነሣ። እኔም መከራከሪያ አልነበረኝም። ያን ጊዜ የተመለከትሁት ምዕራፉ ላይ ያለውን መስፈርት ነው፤ ዮቶር የተገኘውን ሰው ሹም አላለም። እግዚአብሔርን የሚፈሩ፣ የታመኑ፣ ጉቦን የሚጠሉ ዐዋቂዎችን ፈልግ፣ ሥርዓቱንና መንገዱንም አስተምራቸው ነው ያለው። እኛ መርጠን ላክን እንጂ አላስተማርንም ነበር። ባለቤቴ ያን ወንድም ከማውረድ ይልቅ ስድስት ወር አብሮት እንዲሄድ አደረገው፤ መጀመሪያ ግን ሁለቱም ሄደው ያዘነውን ሰው ይቅርታ ጠየቁ። ሰውዬው ይቅርታውን ወዲያው አልተቀበለም። ከፋሲካ በኋላ ነው የተመለሰው።

በኮሌጅ የተማርሁት ታሪክም ትዝ አለኝ። የደርግ መንግሥት በጥር 1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ዘጋ፤ ንብረቷን ወረሰ፤ ከመሪዎቿም አንዳንዶቹን ለዓመታት አሰረ። በዚያን ጊዜ አባላቱ 5,000 ገደማ እንደ ነበሩ ይነገራል። ምእመናኑ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ፣ ዝማሬውን በሹክሹክታ እያደረጉ ቆዩ። ከመድረክ ተናግረው የማያውቁ ወንዶችና ሴቶች ቃሉን ማስተማር፣ አዲስ አማኞችን ማሳደግ ያዙ። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ከ30,000 በላይ ሆነው ወጡ። ለፈተና ስጽፈው «ስደት ቤተ ክርስቲያንን ያሳድጋል» ብዬ ነጥቡን አግኝቻለሁ። አሁን ግን ያን መልስ እንዲያ አልጽፈውም። በእስር ቤት የነበሩት ሰዎች ሚስትና ልጆች ነበሯቸው፤ መከራ በራሱ መልካም ነገር አይደለም። ነገር ግን ቀድሞ በጥቂቶች ትከሻ ላይ የነበረው ሥራ በግድ በብዙዎች እጅ ገባ። እኛ በፈቃዳችን ብናደርገው ምን ነበረበት?

የእኛም በፈቃድ ሆኖ አልቀረም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ግጭት ሲነሣ መንገድ ይዘጋ፣ ስልክም ይቋረጥ ጀመር። ባለቤቴ ከፍኖተ ሰላም ወጥቶ ወደ ቡሬ ወገን መሻገር ያልቻለባቸው ሳምንታት ነበሩ። በአንዱ ሳምንት በገጠር አንዲት አሮጊት እናታችን ዐረፉ። እኛ የሰማነው ከተቀበሩ ከቀናት በኋላ ነው። ቃሉን ያካፈለው፣ ጸሎቱን የመራው ያ ምስጢር አውጥቶ የነበረው ወንድም ነበር። ጎረቤቶች፣ የኦርቶዶክስ አማኞች ጭምር፣ መቃብሩን አብረው ቆፍረዋል። ባለቤቴ ዜናውን ሲሰማ አለቀሰ። በእናታችን ሞት ይሁን፣ እርሱ ሳይኖር በመቀበራቸው ይሁን፣ በወንድሙ ይሁን አልጠየቅሁትም።

ዛሬ ሰኞ ሰኞ ከብርቱ ጉዳይ በቀር ቤት ይውላል። ስልኩን አንድ ሽማግሌ ይዘውለት ይውላሉ። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያዎቹ ሰኞዎች ለእኔም አልተመቹኝም። ወጥ ስሠራ ክዳን እየከፈተ ያያል፤ የማይጮኽ በር ዘይት ይቀባል፤ ሽሮው ለምን እዚህ ተቀመጠ ይላል። አሥር ዓመት ሙሉ ቤት ይዋል ብዬ የጸለይሁ ሴት «እስቲ ወጣ በልና ሰው ጠይቅ» ልለው ምንም አልቀረኝ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ያቺው በወባ የታመመችው ልጃችን ናት። በመጀመሪያው ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷን ሳሎን ተቀምጦ አገኘችው። ቦርሳዋን ሳታወርድ በሩ ላይ ቆማ አየችውና «አባዬ፣ ዛሬ ሰው አልሞተም?» አለችው።