«እዚያ አልነበርኩም» ሲባል ምን ይመዘን?

በክፍል ውስጥ የአስገድዶ መድፈር ወንጀል ሲነሳ ክርክራችን ብዙውን ጊዜ ቅጣቱ ላይ ያተኩራል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 620 መነሻው ላይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ደንግጓል፤ እኛም «አነሰ፣ በቃ» እንባባላለን። በኔ እምነት ግን ዋናው ችግር ከቅጣቱ በፊት፣ ማስረጃው ሲመዘን ነው ያለው። በተለይም ተከሳሹ «በተባለው ሰዓት ሌላ ቦታ ነበርኩ» ሲል፣ ማለትም አሊባይ የምንለውን መከላከያ ሲያነሳ።

እንደሚታወቀው ይህ ወንጀል የሚፈጸመው በአብዛኛው ሰው በሌለበት ነው። ዐቃቤ ሕግ የሚኖረው የተበዳይዋ ቃል፣ የሐኪም ማስረጃ፣ ምናልባትም እያለቀሰች ያገኛት ጎረቤት ነው። ተከሳሹ ደግሞ ወንድሙን፣ ጓደኛውንና የሰፈሩን ሰው አቅርቦ «ከኛ ጋር ለቅሶ ቤት ነበር» ያሰኛል። ታዲያ ሦስት ምስክር ከአንዲት ልጅ ይበልጣል? ምስክር ይመዘናል እንጂ አይቆጠርም። ሦስቱም እውነት ተናግረው ሊሆን ይችላል፤ ሰውየው ለቅሶ ቤት ገብቶ ነበር። ጥያቄው ግን ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት የሚለው ነው። ለቅሶ ቤቱ ድርጊቱ ተፈጸመበት ከተባለው ቦታ በእግር 10 ደቂቃ ከሆነና ምስክሮቹ ካርታ ሲጫወቱ ካመሹ፣ «አብሮን ነበር» ማለት ብቻውን ብዙ አያስኬድም። በአንጻሩ ተከሳሹ በዚያች ሌሊት ሌላ ከተማ በሥራ ላይ እንደነበር የፈረመበት መዝገብ ካለ፣ ያ ከብዙ ዘመድ ቃል ይከብዳል።

ሰዓቱ ራሱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ምስክር «ከምሽቱ 3 ሰዓት» ያለውን የሐኪም ካርድ 21:00 ሊለው፣ ቀኑንም በፈረንጅ አቆጣጠር ሊጽፈው ይችላል። ሁለቱን ሳያመሳክሩ «ቃሉ ይጋጫል» ማለት ስህተት ነው። ሕፃን ልጅ ደግሞ ቀን አትቆጥርም፤ «ፋሲካ ሊደርስ ሲል፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ» ነው የምትለው። ክሱ ላይ የተጻፈው ቀን በአንድ ቀን ከሳተ፣ ተከሳሹ ለዚያ ቀን ብቻ ምስክር አምጥቶ ሊያመልጥ ይችላል። ቀኑ ጭራሽ ካልታወቀ ደግሞ ንጹህ ሰው በምን ይከላከላል? ስለዚህ መርማሪውና ዐቃቤ ሕጉ ልጅቷ በምታስታውሳቸው ነገሮች ተመርተው ጊዜውን ማጥበብ አለባቸው።

በሌላ በኩል፣ አሊባዩ ስለወደቀ ብቻ ተከሳሹ ጥፋተኛ ነው ማለትም አይቻልም። ሰው ቀን ይረሳል፤ ፈርቶም ይዋሻል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ተከሳሽ ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ እንደ ንጹህ እንዲገመት ያዛል። የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግም በአንቀጽ 141 እና 142 መጀመሪያ የሚፈተነው የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ መሆኑን ያሳያል። ተከሳሹ ሲዋሽ የተገኘ እንደሆነ ዳኛው ወደዚያው ማስረጃ ተመልሶ «ይህ ብቻውን ያስረዳል ወይ?» ማለት አለበት።

የማስረጃ ምዘና ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከአርሲ የተነሳ አንድ ጉዳይ ያስታውሰናል። በ1993 ዓ.ም. የ13 ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተደፈረች። ዋናው ተከሳሽ በ1995 ዓ.ም. 10 ዓመት ቢፈረድበትም፣ በ1996 ዓ.ም. ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ድርጊቱ በፈቃዷ የሆነ ይመስላል ብሎ ለቀቀው። በ2008 ዓ.ም. የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን መንግሥት ለልጅቷ 150,000 ዶላር እንዲክሳት ወሰነ። እዚያ ክርክሩ የፈቃድ እንጂ የአሊባይ አልነበረም፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። «ይመስላል» ማስረጃ አይደለም እኮ!

ዳኞቻችን ራሱን የቻለ የማስረጃ ሕግ ሳይኖራቸው ለአሥርት ዓመታት ሠርተዋል። ያም ሆኖ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 149 ፍርድ ማስረጃው የታመነበትን ወይም ያልታመነበትን ምክንያት እንዲይዝ ያዛል። «የመከላከያ ምስክሮች አስተባብለዋል» የሚል አንድ መስመር ምክንያት አይደለም። የትኛው ምስክር፣ የትኛውን ሰዓት፣ በምን እንዳስተባበለ ይጻፍ። ያኔ የተፈረደበትም ሆነ ፍትሕ የጠየቀችው ለምን እንደተረታ ያውቃሉ፤ ይግባኝ ሰሚውም የሚመረምረው ነገር ያገኛል። እኛም ነገ ችሎት ስንቆም ምስክር ከመቁጠር ሰዓት መጠየቅን እናስቀድም።