ስም የሌለው በርበሬ

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የምንል ሰዎች ነን። የቡሬ በርበሬ ግን ገና ፍኖተ ሰላምን ሳያልፍ ስሙን ይጥላል። በኩንታል ይጫናል፣ አዲስ አበባ ይራገፋል፣ አንዱ ያስፈጨውና በሚያብረቀርቅ ፌስታል አሽጎ የራሱን ስም ይለጥፍበታል። እኛ ቁጭ ብለን «የኛ በርበሬ እኮ ነው» እንላለን። ማን ሰምቶን?

አክስቴ ቡሬ ናት። ዛላውን አንድ በአንድ መርጣ ትቀነጥሳለች፤ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ደልዛ፣ ኮረሪማና በሶብላ ጨምራ ታስፈጫለች። አምና አዲስ አበባ ላንድ ባለሱቅ ይዤላት ሄድኩ። ቀመሰው፣ ወደደው። ከዚያ «ማን እንዳዘጋጀው፣ መቼ እንደተፈጨ በምን ልወቅ? ሸክላ ፈጭተው የሚቀላቅሉ እኮ አሉ» ብሎ መለሰልኝ። በጣም ተናደድኩ። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ሰውየው ልክ ነው። ስም የሌለው ዕቃ ሁሉ እኩል ይጠረጠራል። የአጭበርባሪውን ዕዳ የምትከፍለው አክስቴ ናት።

ይህን ስናነሳ አንዱ «ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ አይደል?» ይላል። አዎ፣ የቡሬው ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ደግ ነው። አክስቴ ግን አሥር ኪሎ በርበሬዋን ይዛ ፓርክ አትገባም። ሌላው «ማተሚያ ቤት ሺህ ስቲከር እዘዙ» ይላል። ቀኑስ? የተፈጨበት ቀን በየጊዜው ይለያያል። በእስክሪብቶ ጻፉት፣ ፌስታሉ ላይ ተፋግፎ ይጠፋል።

እኔ የምለው ሌላ ነው። ከላፕቶፕ ጋር በኬብል የምትገናኝ ትንሽ የሌብል ፕሪንተር ግዙ። ዋጋዋ ካንድ ደህና ስማርት ስልክ አይበልጥም። ቀለም አትጠይቅም፤ ወረቀቱ በሙቀት ይጠቁራል። ኢንተርኔትም አትፈልግም። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ የከረመውን የምናውቅ ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። መብራት ሲመጣ አትሞ ማስቀመጥ ነው።

«ከስልክ የሚታዘዘው አይሻልም?» ትሉኝ ይሆናል። አንዳንዶቹ ፊደላችንን ወደ ባዶ ሳጥን ይቀይሩታል። ከኮምፒውተር ሲታተም ግን ገጹ እንደ ሥዕል ሊላክ ስለሚችል የጻፋችሁት እንዳለ ይወጣል። ብቻ ፊደሉን አታሳንሱት፤ ቅጥያው ተውጦ «ቡሬ» «በሬ» ሆኖ እንዳይወጣ!

ጉድለቷንም አልደብቅም። በሙቀት የሚታተመው ወረቀት ፀሐይና ቅባት ያደበዝዙታል። ለቅቤ ወይም መደርደሪያ ላይ ወራት ለሚቆይ ዕቃ በሪባን የሚያትመው ዓይነት ይሻላል። ደግሞ ሌብል ማለት የንግድ ፈቃድ ማለት አይደለም፤ ፈቃዱን አውጡ፣ ሚዛኑን አስተካክሉ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813ም ዕቃ ላይ መግለጫ እንዲለጠፍ ያዛል። አንድ ኪሎ ብሎ ጽፎ ዘጠኝ መቶ ግራም የሚያሽግ ሰው፣ ሌብል ከሌለው ሌባ የባሰ ሌባ ነው።

«ወረቀት በርበሬ አያጣፍጥም» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ አያጣፍጥም። ግን አክስቴ ስሟንና ስልኳን፣ ያስፈጨችበትን ቀን ስትለጥፍ «ከከፋባችሁ ደውላችሁ ውቀሱኝ» ማለቷ ነው። ሸክላ የሚቀላቅለው ሰውዬ ይህን ይደፍራል? የውሸት ስም ሊለጥፍ ይችላል፤ ስልክ አንስቶ መልስ መስጠት ግን አይችልም።

እና አንተ የቡሬ፣ የፍኖተ ሰላም፣ የጃቢ ጠህናን ልጅ፣ ላፕቶፕህን ፊልም ማያ ብቻ ያደረግከው፦ ለመስቀል አገር ቤት ስትገባ ለእናትህ ነጠላ ብቻ ይዘህ አትሂድ። ስሟን አትመህላት ና። ማሩም፣ ቅቤውም፣ በርበሬውም የሷ ነው። ስሙ የሌላ ሰው የሆነው እኛ ዝም ስላልን ነው።