የኮበርን በር ማን ከፈተው?

በቀድሞው የሱዳን ፕሬዚዳንት ኦማር አል በሽር ሥርዓት ባለሥልጣን የነበሩት አህመድ ሃሩን በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ለሮይተርስ ዜና ወኪል በሰጡት ቃለ ምልልስ ስለ ምርጫ ተናገሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሠራዊቱ ከፖለቲካው እንደማይርቅ፣ ምርጫ ሲመጣ ደግሞ ፓርቲያቸውና እስላማዊው ንቅናቄ ወደ ሥልጣን የሚመለሱበት መንገድ ሊገኝ እንደሚችል አስረዱ። እኒህ ሰው በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከካርቱሙ ኮበር ወህኒ ቤት የወጡ እስረኛ ናቸው። ሲወጡ በቴሌቪዥን ባስተላለፉት የድምፅ መልእክት ቃል ገብተው ነበር፤ የፍትሕ አካላት ሥራቸውን ሲጀምሩ ለመቅረብ ዝግጁ ነኝ ብለው። ከዚያ ቃል እስከዚህ የምርጫ ንግግር ያለፈውን ሁለት ዓመት ከሦስት ወር የሱዳን መንግሥት ማስረዳት አለበት። እስካሁን የተሰጠው ማብራሪያ የሚያጠግብ አይደለም።

በሃሩን መልእክት ውስጥ አምኜ የምቀበለው ክፍል አለ። በሠራዊቱና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ያለው ጦርነት ሚያዝያ 7 ከፈነዳ በኋላ ዘጠኝ ቀን በሁለት ወገን ተኩስ መካከል እንደቆዩ፣ ከዚያም በጠባቂዎቹ ከለላ እንደወጡ ተናግረዋል። ወህኒ ቤቱ ውኃ፣ መብራትና ምግብ እንደተቋረጠበት ባለሥልጣናቱም አልካዱም። እንዲህ ባለ ቀን ጠባቂው ከእስረኛው የሚለይበት ነገር እየቀነሰ ይሄዳል። ተረኛ መጥቶ የማይቀይረው ዘብ እሱም ታስሯል። የሚጠጣው ከዚያው ከጎደለው በርሜል ነው፤ ከባድ መሣሪያ ቢወድቅ የሚገኘው ከዚያው ግድግዳ ሥር ነው። ቁልፉን ይዞ መሸሽ ይችል ነበር፤ በሌሎች አገሮች የሸሹ አሉ። ቆይቶ፣ ከጠበቃቸው ሰዎች ጋር ተመካክሮ፣ በሕይወት የሚወጡበትን መንገድ አብሮ ከፈለገ ሊመሰገን እንጂ ሊወቀስ አይገባም። ስለዚህ ጥያቄዬ ለኮበር ተራ ጠባቂዎች አይደለም። እነሱንና እስረኞቹን ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጥሏቸው፣ በኋላ ደግሞ ነገሩ እኔን አይመለከተኝም ላለው አካል ነው።

ጠባቂና እስረኛ ተባብረው ከከበባ ተረፉ የሚለው ታሪክ ሰው የሚወደው ታሪክ ነው፤ ለዚህም ሁልጊዜ የሚጠቀሰው በኦስትሪያ ቲሮል የሚገኘው የኢተር ግንብ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፓ ውስጥ ሊያበቃ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በዚያ ግንብ ታስረው የነበሩት የቀድሞዎቹ የፈረንሳይ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ዳላዲዬና ሬይኖ፣ ጄኔራሎቹ ጋምላንና ቬይጋን፣ ከጥቂት የአሜሪካ ታንከኞችና ከጀርመኑ ሻለቃ ዮሴፍ ጋንግል ወታደሮች ጋር ሆነው የናዚውን የዋፈን ኤስኤስ ጦር ጥቃት መክተዋል። ጋንግል በዚያው ቀን ተገደለ። ታሪኩ ሲተረክ ግን ሁለት ነገሮች ይዘነጋሉ። አንደኛ፣ የግንቡ ጠባቂዎች አንድ ቀን ቀደም ብለው ሸሽተው ነበር፤ ለመከላከል የመጡት ሌሎች ናቸው። ሁለተኛ፣ ሕይወታቸውን ሸጠው ከግንቡ ወጥተው እርዳታ የጠሩት ታላላቆቹ ፈረንሳውያን ሳይሆኑ በግንቡ ለሥራ የተመደቡ ሁለት ተራ እስረኞች፣ አንድ ዩጎዝላቪያዊ የእጅ ሠራተኛና አንድ የቼክ ወጥ ቤት፣ ነበሩ። ከከበባ ታሪክ ውስጥ ስማቸው ተመዝግቦ የሚቀረው የትልልቆቹ ነው፤ ሸክሙን የሚሸከሙት ግን ሌሎች ናቸው። በኮበርም የሆነው ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ሠራዊቱ መልስ። የሃሩን መልእክት በተሰማ ማግስት የሱዳን ጦር መግለጫ አወጣ። ስሙ በመልእክቱ ውስጥ መነሳቱ እንዳስገረመው፣ ከፓርቲያቸውም ሆነ ከወህኒ ቤቶች አስተዳደር ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌለው፣ ወህኒ ቤት የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴርና የፖሊስ ኃላፊነት እንደሆነ አስታወቀ። በወረቀት ላይ ይህ ትክክል ሊሆን ይችላል። በየትኛውም አገር ወህኒ ቤትን የሚያስተዳድረው እግረኛ ክፍለ ጦር አይደለም። ነገር ግን ሱዳን በዚያን ጊዜ በምን ዓይነት መንግሥት ሥር እንደነበረች አንባቢ ያውቃል። ጥቅምት 15 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲቪሉን መንግሥት በኃይል የበተነው ይኸው ሠራዊት ነው። ከዚያ ወዲህ የአገሪቱ መሪ የሠራዊቱ ዋና አዛዥ ጄኔራል አብዱል ፈታህ አል ቡርሃን ናቸው፤ ተጠባባቂ ሚኒስትሮቹን የሾሙትም እሳቸው ናቸው። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ኃላፊነት ነው ማለት እንግዲህ በመጨረሻ የአል ቡርሃን ኃላፊነት ነው ማለት ነው። ሥልጣንን ጠቅልሎ የያዘ ሰው ተጠያቂነቱን በየመሥሪያ ቤቱ ሊበትነው አይችልም።

ይህም ይቅር። ሠራዊቱ በዚያው ቀን የተናገረው ሌላ ነገር የራሱን ክርክር አፍርሶበታል። ኦማር አል በሽር የት ናቸው የሚለው ጥያቄ ሲበረታ፣ እሳቸውና ሹማምንታቸው የነበሩት ባክሪ ሐሰን ሳሌህ፣ አብዱል ራሂም መሐመድ ሁሴንና ሌሎች ጥቂቶች ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት በጤና ምክንያት ወደ ወታደራዊ ሆስፒታል መዛወራቸውን፣ እዚያም በፍትሕ ፖሊስ ጥበቃ ሥር እንደሚገኙ አረጋገጠ። ከኮበር እስረኞች ጋር ምንም ግንኙነት የለኝም ያለው ጦር፣ የኮበርን ዋና ዋና እስረኞች በገዛ ሆስፒታሉ ያኖረ ጦር ነው። እስረኛን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ አዛውሮ፣ መድኃኒት ሰጥቶ፣ ዘብ አቁሞ መጠበቅ እንደሚቻል ራሱ አሳይቷል። በ2017 መጀመሪያ ላይም በሽር በሰሜን ወደምትገኘው መርዌ ከተማ ለሕክምና መወሰዳቸው ተዘግቧል። ጦርነቱ ተፋፍሞ፣ መንገዱ ተቆርጦ፣ አንድ የሰማንያ ዓመት አዛውንት እስረኛን በመቶዎች ኪሎ ሜትር ማጓጓዝ ከተቻለ፣ ችግሩ የአቅም ብቻ ነበር ማለት አይቻልም። ለማን ሲባል አቅም ይገኛል የሚል ጥያቄ ይመጣል። ስርቆት ፈጽሞ አንድ ዓመት የተፈረደበት ልጅ፣ ዕዳ መክፈል አቅቶት የታሰረ ነጋዴ፣ ጉዳያቸው ገና ያልታየላቸው ተጠርጣሪዎች መኪና የሚልክላቸው አልነበረም። ለእነሱ የቀረላቸው የጠባቂዎቹ ርኅራኄ ነው።

ወህኒ ቤቶቹን የሰበረው ፈጥኖ ደራሹ ኃይል ነው፤ ለምን መንግሥትን ትወቅሳለህ የሚል ይኖራል። የሱዳን ፖሊስ ፈጥኖ ደራሹ በቀናት ውስጥ አምስት ወህኒ ቤቶችን እንደወረረ፣ ጠባቂዎች እንደተገደሉና እንደቆሰሉ ገልጿል። ፈጥኖ ደራሹ ደግሞ ክሱን አልተቀበለም፤ የቀድሞውን ሥርዓት ሰዎች ለማስወጣት የተሸረበ ሴራ ነው አለ። እኔ ፈጥኖ ደራሹን ነፃ የማወጣበት ምክንያት የለኝም። በዳርፉር፣ በገዚራ፣ በራሷ በካርቱም ያደረገው ይታወቃል፤ በመተማ በኩል የገባው ስደተኛም መስክሮበታል። ግን ጠላት ጥቃት መፈጸሙ ጠባቂውን ከግዴታው አያወጣውም። የእስረኛ ደኅንነት አደራ የሆነው ራሱን መከላከል ስለማይችል ነው። ነፃ ሰው ተኩስ ሲሰማ ይሸሻል፤ እስረኛ መሸሽ ቢፈልግ በሩ ተቆልፏል፣ የቆለፈውም መንግሥት ነው።

ድሃ አገር በጦርነት መካከል ይህን ሁሉ ማድረግ ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ የበለጠ ክብደት አለው። ሆኖም ድህነት ሁሉን አያስረዳም። በ1997 ዓ.ም. ነሐሴ ካትሪና የተባለው ማዕበል ኒው ኦርሊንስን ሲመታ፣ በሀብታሟ አሜሪካ ከ6,000 በላይ እስረኞች እንዲቆዩ ተወስኖ ውኃው ደረታቸው ድረስ ደርሶባቸዋል፤ ከጠባቂዎቹ አንዳንዶቹ ትተዋቸው ሄደዋል፣ ሌሎቹ አብረዋቸው ተከብበዋል። የጎደለው ገንዘብ ሳይሆን አስቀድሞ ያሰበ ሰው ነበር። ሕጉም ቢሆን የማይቻለውን አይጠይቅም። ሱዳን በ1998 ዓ.ም. የተቀበለችው የጄኔቫ ስምምነቶች ሁለተኛው ተጨማሪ ፕሮቶኮል፣ እስረኞች ያሉበት ቦታ ለውጊያው አደጋ ሲጋለጥ በደኅና ማውጣት የሚቻል ከሆነ ይውጡ ይላል፤ ሊለቀቁ ከተወሰነ ደግሞ የሚለቃቸው አካል ለደኅንነታቸው አስፈላጊውን እንዲያደርግ ያዛል። ይህ አንቀጽ ከጦርነቱ ጋር በተያያዘ ለታሰሩ ሰዎች የተጻፈ ነው ተብሎ ሊመለስልኝ ይችላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን መሣሪያ አንስቶ ለተማረከ ሰው የሚገባው ጥበቃ ለሌባ አይገባውም ብሎ የሚከራከር የሕግ ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም።

በር መክፈት ብቻውን ማዳን እንዳልሆነ የኮንጎዋ ጎማ ከተማ አሳይታናለች። ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. የኤም 23 አማፂ ተዋጊዎች ወደ ከተማዋ ሲገቡ የሙንዜንዜ ወህኒ ቤት ተሰበረ፤ በሺህ የሚቆጠሩ እስረኞች ወጡ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ጽሕፈት ቤት እንዳስታወቀው ቢያንስ 165 ሴት እስረኞች በወንድ እስረኞች ተደፈሩ፤ አብዛኞቹም በተነሳው እሳት አለቁ። እነዚያ ሴቶች የሚያስፈልጋቸው አንድ በቦታው የቆየ ጠባቂ፣ አንድ አስቀድሞ የተከፈተ የሴቶች በር ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ በሄይቲ ዋና ከተማ በፖርቶ ፕሬንስ ወንበዴዎች ዋናውን ወህኒ ቤት ሲሰብሩ፣ በፕሬዚዳንት ሞይዝ ግድያ የተከሰሱት ኮሎምቢያውያን በሩ ተከፍቶላቸው ሳለ አልወጡም፤ ውጭ እንገደላለን ብለው ፈሩ። ወህኒ ቤት የሚጠብቀው ማኅበረሰቡን ከእስረኛው ብቻ አይደለም፤ እስረኛውንም ከውጭው ዓለም፣ ደካማውን እስረኛ ከብርቱው ይጠብቃል።

ወደ ሃሩን ቃል ልመለስ። የፍትሕ አካላት ሥራ ሲጀምሩ እቀርባለሁ ብለዋል፤ የፍትሕ አካላቱ ግን ሥራ ከጀመሩ ቆይተዋል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. መንግሥቱ ያኔ መቀመጫው ባደረጋት ፖርት ሱዳን የነበረው ዐቃቤ ሕግ የቀድሞውን ጠቅላይ ሚኒስትር አብደላ ሐምዶክንና ሌሎች ፖለቲከኞችን ከስሷል። በ2017 ዓ.ም. የፖርት ሱዳን ፍርድ ቤት የፈጥኖ ደራሹን አዛዥ መሐመድ ሐምዳን ደጋሎን በሌሉበት መዳኘት ጀምሯል። ከፈጥኖ ደራሹ ጋር ተባብራችኋል የተባሉ ሲቪሎች ሞት ተፈርዶባቸዋል። እንዲህ ሲቪሎችን በሚከስ ሥርዓት ውስጥ ለአህመድ ሃሩን የሚሆን ችሎት ጠፋ ማለት አይቻልም። ሄግም አለ። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በ1999 ዓ.ም. በአንድ ቀን በዳርፉር ለተፈጸሙ ወንጀሎች ሁለት የእስር ማዘዣ አውጥቶ ነበር፤ አንዱ በሃሩን ላይ፣ ሌላው በጃንጃዊድ ሚሊሺያ አዛዡ አሊ ኩሻይብ ላይ። ኩሻይብ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተባለ። ሃሩን ግን 42 ክሶችን ተሸክመው ስለ ምርጫ ያወራሉ።

ለኮበር ጠባቂዎች የምሰጠው ምስጋና እዚህ ላይ ይቸግረኛል። ዘጠኝ ቀን የቆዩት፣ ውኃ ያካፈሉት፣ በተኩስ መካከል ሰው ያሻገሩት እነሱ ከሆኑ፣ የዳርፉር ቤተሰቦች ሃያ ዓመት የጠበቁትን ተከሳሽ ያሻገሩትም እነሱ ናቸው። በማን ትእዛዝ እንዳደረጉት፣ እስከ የት እንደሸኟቸው፣ ለምን እዚያ እንደለቀቋቸው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ሊጠየቁ ይገባል፤ እንደ ምስክር እንጂ እንደ ወንጀለኛ አይደለም። ግን ደመወዛቸውን የሚከፍለው፣ ሠራዊቱ የማያውቀው ነገር ነው ያለው ያው መንግሥት ነው፤ ሃሩን ያሉት ምርጫ ከመጣ ደግሞ ነገ አለቃቸው ሊሆኑ የሚችሉት ያኔ በር የከፈቱላቸው ሰዎች ናቸው። እንዲህ ባለ አገር አንድ የወህኒ ቤት ዘብ ያየውን እንዲናገር መጠየቅ ፍትሕ መሻት ይሁን፣ ወይስ ያንን ዘብ ለሁለተኛ ጊዜ ያለ ረዳት መተው፣ መለየት ከባድ ነው።