የወሊድ ፈቃድና አነስተኛው ንግድ ቤት

በባሕር ዳር ከተማ፣ በጣና ዳርቻና እስከ ጢስ ዓባይ ባለው አገር የሚካሄደው ንግድ በአመዛኙ በትንንሽ ቤቶች የቆመ ነው። የጨርቃ ጨርቅ መደብሩ፣ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቁ፣ የእህል መጋዘኑ፣ ፏፏቴውን ሊያይ የመጣውን እንግዳ የሚያስተናግደው ምግብ ቤት ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ሠራተኞች ይዞ የሚውል ነው። በእነዚህ ቤቶች ደመወዝ በቃል ይነገራል፤ ዕረፍትም በቃል ይፈቀዳል፤ በጽሑፍ የተቀመጠ የሠራተኛ ደንብ ማግኘት ግን አዳጋች ነው። ነገሩ በመተማመን ይሄዳል። መተማመኑ የሚፈተነው ሠራተኛይቱ ያረገዘች እንደ ሆነ ነው።

ያን ጊዜ ሁለቱም ወገኖች ዝምታን ይመርጣሉ። ሠራተኛይቱ እንጀራዬን አጣለሁ ብላ በመስጋት እርግዝናዋን እስከምትችለው ድረስ ትደብቃለች። አሠሪውም ነገሩን ቢጠረጥር እንኳ መጠየቁ ግዴታ የሚያመጣበት ስለሚመስለው አይቶ እንዳላየ ያልፋል። በመጨረሻም ምትክ ሳይዘጋጅ፣ ሒሳብ ሳይተሳሰብ ቀኑ ይደርሳል። «በሰላም ተገላገዪ፤ ሲመችሽ ትመጫለሽ» ተብላ ትሸኛለች። ይህ ቃል ፈቃድ ይሁን ስንብት ለሁለቱም ግልጽ አይደለም። ከአራስ ቤት ወጥታ ስትመለስ በቦታዋ ሌላ ሰው ተቀምጦ ካገኘች ግን ቸር የመሰለው ንግግር ስንብት እንደ ነበረ ይገባታል፤ ጉዳዩም ከሱቅ ወጥቶ ወደ ችሎት ሊያመራ ይችላል።

የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ለፋብሪካና ለታላላቅ ኩባንያዎች ብቻ የወጣ የሚመስላቸው ነጋዴዎች ጥቂት አይደሉም። ይህ ስሕተት ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛን ብዛት መለኪያ አላደረገም፤ አንዲት ሠራተኛ ብቻ የያዘ ሱቅም መቶ ሠራተኛ እንደያዘው ድርጅት በአዋጁ ይገዛል። የጽሑፍ ውል አለመኖሩም ግዴታውን አያስቀርም። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ፣ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋናዎቹን የቅጥር ነጥቦች የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ ለሠራተኛው መስጠት አለበት።

አዋጁ የሚያዘው በአጭሩ ይህ ነው። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀናት፣ በጠቅላላው 120 ቀን፣ ደመወዟ እየተከፈላት ታርፋለች። ለእርግዝና ምርመራ ወደ ሐኪም ስትሄድም ማስረጃ እስካቀረበች ድረስ ደመወዟ አይቀነስም። ነፍሰ ጡር ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንድትሠራ፣ ትርፍ ሰዓትም እንድትቆይ አይፈቀድም፤ ይህን የሆቴልና የምግብ ቤት ባለቤቶች በተለይ ሊያስቡበት ይገባል። በእርግዝናዋ ወራትና ከወለደችም በኋላ እስከ 4 ወር ድረስ፣ ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር ባልተያያዙ በሕግ በተለዩ ምክንያቶች ካልሆነ በቀር፣ ከሥራ ማሰናበት ክልክል ነው። ከዚህ በፊት በነበረው በ1996 ዓ.ም. አዋጅ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ዕረፍት 60 ቀን ብቻ ስለ ነበረ፣ ሴት ልጅ የወለደች ክርስቲያን እናት ልጇን በ80 ቀኗ ክርስትና ከማስነሣቷ በፊት ወደ ሥራ መመለስ ነበረባት። የዛሬው ሕግ ከአገሩ ልማድ ጋር የበለጠ ይስማማል።

ነጋዴው በዚህ ላይ የሚያሰማው ቅሬታ መሠረት የለውም ማለት ግን አይቻልም። በወር 4,000 ብር የሚከፈላት አንዲት ሠራተኛ ብትወልድ የ4 ወር ደመወዟ 16,000 ብር ይሆናል። በቦታዋ ለሚተካው ሰው የሚከፈለው ሌላ 16,000 ብር ሲጨመርበት ለአነስተኛ ሱቅ ከባድ ወጪ ነው። በኢትዮጵያ ይህን ወጪ የሚሸፍን የማኅበራዊ ዋስትና ገንዘብ የለም፤ የግል ድርጅት አሠሪው 11፣ ሠራተኛው 7 በመቶ የሚያዋጡበት ጡረታ ለወሊድ አይከፍልም። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1992 ዓ.ም. ያወጣው ቁጥር 183 ስምምነት ግን ወጪው በአንድ አሠሪ ትከሻ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ በመርሕ ደረጃ ይደነግጋል። እንግዲህ የነጋዴው ማኅበር ይህን ጥያቄ ለመንግሥት በአንድ ድምፅ ቢያቀርብ ተገቢ ነው።

ይሁን እንጂ መንግሥት መልስ እስኪሰጥ ድረስ ሠራተኛይቱን ማሰናበት መፍትሔ አይደለም፤ በሒሳብም አያዋጣም። ስንብቱ ሕገ ወጥ ሆኖ ሠራተኛይቱ ወደ ሥራ የማትመለስ ከሆነ፣ አሠሪው የአማካይ የቀን ደመወዟን 180 እጥፍ እንዲከፍል ይፈረድበታል። በዚያው በ4,000 ብር ደመወዝ ሲሰላ ይህ ከ24,000 ብር አያንስም፤ የማስጠንቀቂያው ጊዜ ክፍያ ገና ሳይታሰብ ነው። ከፈቃዱ ለመሸሽ የሞከረ ከፈቃዱ የበለጠ ይከፍላል ማለት ነው። ሴት አልቀጥርም ማለትም እንዲሁ በሕግ የተከለከለ ነው። የደንበኛን ጠባይ ያወቀች፣ የገንዘብ ሣጥን የታመነች ሠራተኛ ደግሞ በአራት ወር የምትተካ አይደለችም።

ነጋዴው በእጁ ያለውን መድኃኒት ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገውም። ዕድርን የመሠረተ፣ በዕቁብ ገንዘቡን ያጠራቀመ ኅብረተሰብ ለለቅሶ የሚያዋጣውን ያህል ለልደት ማዋጣት አያቅተውም። ለምሳሌ ያህል፣ በአንድ ሰፈር ያሉ 20 ሱቆች በየወሩ 200 ብር ቢያዋጡ በዓመት 48,000 ብር ይጠራቀማል፤ ይህም የሦስት ሠራተኞችን የ4 ወር ደመወዝ ይሸፍናል። በሕግ ከፋዩ አሠሪው ራሱ እንደ ሆነ ይቀራል፤ ሸክሙን ግን ጎረቤቶቹ ያግዙታል። መዝገቡን የንግድ ምክር ቤቱ ቢይዘው፣ ሒሳቡም በዓመት አንድ ጊዜ ቢመረመር፣ እምነቱ የጸና ይሆናል።

ከዚህ ጋር እያንዳንዱ ቤት አንድ ገጽ ደንብ ያስፈልገዋል። በዚያ ገጽ ላይ ሠራተኛይቱ እርግዝናዋን ስታስታውቅ ከሥራ እንደማትወጣ፣ ፈቃዱ መቼ እንደሚጀምርና እንደሚያበቃ፣ ደመወዙ በስንት ቀን እንደሚከፈል፣ ወደዚያው ሥራዋም እንደምትመለስ ይጻፍ። ምትኩ ሰው በፈቃድ ላይ ያለችውን ሠራተኛ ለመተካት በተወሰነ ጊዜ ውል ሊቀጠር ስለሚችል፣ ውሉ ከመጀመሪያው ይህንኑ ይግለጽ። ደንቡ በሁለቱ ወገኖች ተፈርሞ አንዱ ቅጂ ለሠራተኛይቱ ይሰጥ።

ይህ ሲሆን ሠራተኛይቱ በሦስተኛው ወር ትናገራለች፤ አሠሪውም ምትክ ፈልጎ ሥራ ለማስለመድ ጊዜ ያገኛል። ዝናሙ አብቅቶ ፏፏቴው ሲሞላ፣ ገበያውም ሲደራ ሱቁ ያለ ሰው አይቀርም። ለዕቃው ደረሰኝ፣ ለዱቤው መዝገብ የሚይዝ ነጋዴ፣ ልጅ ወልዳ ለምትመለሰው ሠራተኛውም አንድ ወረቀት ሊነፍጋት አይገባም።