ከመጠምጠም መማር ይቅደም

ባለፈው ሳምንት በግቢያችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንዲት ወረቀት ተለጥፋ አነበብን። ወረቀቷ የምትናገረው በእንጅባራ ከተማ ባንድ ትምህርት ቤት ስለሚሰበሰቡ ሠላሳ ያህል የስካውት ልጆች ነው፤ እነዚህንም ልጆች እኛ ጥቂት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድን እናግዛቸዋለን። የመጪዎቹ ወራት ሥራ በተራ ቁጥር ተዘርዝሯል። አንደኛ፣ በታኅሣሥ የመጀመሪያ ርዳታ ትምህርት፤ ሁለተኛ፣ በጥምቀትና በጥር 23ቱ የፈረሰኞች በዓል ሕዝብን ማገልገል፤ ሦስተኛ፣ በየካቲት የዘንገናን ሐይቅ ዳር ማጽዳት፤ አራተኛ፣ እስከ ክረምት ችግኝ አፍልቶ በሐምሌ መትከል። እስከዚህ ድረስ የምንነቅፈው አንዳች ነገር የለም። ከሥር ግን በትልልቅ ፊደል፣ «ማሳሰቢያ፤ ሙሉ የካኪ ልብስ ያልለበሰ ልጅ አይሰለፍም» የሚል ቃል ሰፍሯል። ብዕር ያነሣነውም ስለዚች አንዲት መሥመር ነው።

ወረቀቷን የጻፏት የራሳችን ጓደኞች ናቸው፤ በቅን ልቡና እንደ ጻፏትም እናውቃለን። ነገር ግን በቅን ልቡና የተጻፈ ነገር ሁሉ ትክክል አይሆንም። በእኛ አስተያየት ይህች መሥመር መሰረዝ አለባት። ምክንያታችንን ሦስት አድርገን እናቀርባለን፤ አስቀድመን ግን ስካውት ከየት እንደ መጣ ጥቂት እናስታውስ።

እ.ኤ.አ. በ1899 እና በ1900 በደቡብ አፍሪቃ የማፈኪንግ ከተማ በጠላት ተከባ በነበረችበት ጊዜ፣ የከተማይቱ ልጆች መልእክት እያመላለሱ አገልግለው ነበር። የጦሩ አዛዥ የነበረው ቤደን ፓወል ልጅ ኀላፊነት ቢሰጠው ምን ያህል እንደሚሠራ ከተረዳባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። ይሁን እንጂ ወደ አገሩ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1907 ሃያ ያህል ልጆችን ይዞ ብራውንሲ በምትባል ደሴት ላይ በሰፈረ ጊዜ ያስተማራቸው ጦርነትን አልነበረም። ቋጠሮ ማሰርን፣ እሳት ማንደድን፣ ዱካ መከተልን፣ የሰው ሕይወት ማዳንን ነው ያስተማራቸው። ከልጆቹ ከፊሎቹ የከበርቴ ልጆች ከሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች፣ ከፊሎቹ ደግሞ ከሠራተኛ ቤተሰብ የመጡ ነበሩ። የሀብታሙና የድኻው ልጅ ባንድ ድንኳን እንዲያድሩ ሆን ተብሎ ነበር የተደረገው። እንግዲህ ስካውት በጦርነት መካከል ተጸንሶ በሰላም ሜዳ ላይ የተወለደ ነገር መሆኑን እንያዝ።

በአገራችንም የስካውት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1950 ተመሥርቶ በ1969 የዓለም የስካውት ድርጅት አባል ሆኖ ነበር። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ፈረሰ። ደርግ ከወደቀ በኋላ እንደገና ተቋቁሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ወደ ዓለም ድርጅቱ ተመለሰ። ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ልብስና ሰልፍ በአዋጅ ይመጣሉ፣ በአዋጅ ይሄዳሉ። ቁስል ማሰር የተማረ ልጅ ግን ዕውቀቱን የሚያፈርስበት አዋጅ ከቶ አይገኝም።

አሁን ወደ ምክንያቶቻችን እንመለስ። የመጀመሪያው ገንዘብ ነው። ሙሉ ካኪ ማለት ሸሚዝ፣ ሱሪ፣ ቀበቶና ቆብ ማለት ነው። ይህን ለልጁ ለማሰፋት አቅም ያለው ወላጅ አለ፤ አቅም የሌለው ግን ይበዛል። በተለይ በፋግታ ለኮማና በዙሪያው የሚኖረው ገበሬ ዲከረንስ የተባለውን ግራር ተክሎ፣ ከሰል አክስሎ ይተዳደር እንደ ነበረ፣ ከጥቂት ዓመታት ወዲህም በሽታ ገብቶ ዛፉን እንዳደረቀበት ሁላችንም የምናውቀው ነው። ከዚህ ቤት የመጣ ልጅ «ካኪ ከሌለህ አትሰለፍም» ቢባል፣ ለአባቱ ሳይናገር በሚቀጥለው ቅዳሜ ይቀራል። የሚቀረውም ልጅ ብዙውን ጊዜ ችግኝ መትከልን ከሁላችንም አብልጦ የሚያውቀው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጊዜው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት አያሌ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ብዙ ልጆችም ከትምህርት ውለው አድረዋል። እንዲህ ባለው ጊዜ በርቀት ያየ ሰው፣ ካኪ ለብሶ፣ በትር ይዞ፣ ተሰልፎ የሚሄድ የልጆች ቡድን ምን እንደሚመስለው ለአንባቢ መንገር አያሻንም። እናቶች ይህን ከእኛ ቀድመው አይተውታል። ባለፈው ጊዜ አንዲት እናት ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው፣ «ልጄ ይማርላችሁ፣ ያገልግልላችሁ፤ ወታደር የሚያስመስለውን ልብስ ግን አታልብሱብኝ» አሉን። መልስ አልነበረንም። ዛሬም የለንም። በሌላ አገር የሆነውንም እናስብ፤ እ.ኤ.አ. በ1944 በዋርሶ ዐመፅ ጊዜ የፖላንድ ትናንሽ ስካውቶች በጥይት መካከል ደብዳቤ ያመላልሱ ነበር። ጀግንነታቸው የሚካድ አይደለም። እኛ ግን ልጆቻችንን ለእንዲህ ያለው ጀግንነት አንመኛቸውም።

ሦስተኛው ምክንያት ልብሱ ራሱ የሚያመጣው ልማድ ነው። ልጆቹን ካኪ ያለበስናቸው ቀን ሁሉም ሰው ለሰልፍ ይፈልጋቸዋል። አንድ ጊዜ እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ልጆቹ ሦስት ሰዓት ሙሉ በፀሐይ ቆመዋል። እንግዶቹ ዘግይተው መጡ፤ ከመኪናም ሳይወርዱ አለፉ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ግን ስለ ደም ማቆም ልናስተምራቸው ቀጠሮ ይዘን፣ የመጡት ስምንት ልጆች ብቻ ነበሩ። ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም። ለሰልፍ ሲመጡ ለስላሳ ይሰጣቸዋል፤ ለትምህርት ሲመጡ የሚሰጣቸው ትምህርት ብቻ ነው። ልጁ እኛ የምናከብረውን ነገር አይቶ ያንኑ ያከብራል።

የሚቃወሙን ሰዎች እንዲህ ይሉናል፤ «አንድ ዓይነት ልብስ ድኻና ሀብታምን እኩል ያደርጋል፤ ለልጁም ኩራት ይሰጠዋል፤ በበዓል ቀን ደግሞ የጠፋ ሕፃን ወደ ማን እንደሚሮጥ ያሳውቃል።» ይህ ንግግር እውነትነት አለው፤ ዝም ብለን የምናልፈውም አይደለም። ለዚሁ ግን የአንገት ሻርፑ ብቻውን ይበቃል። ሻርፕ ባለሦስት ማዕዘን አንድ ቁራጭ ጨርቅ ነው፤ ከገበያ ሜትር ገዝቶ ለሁሉም መቁረጥ ይቻላል። ከሩቅ ይታያል። ከዚህም በላይ ሻርፕ ሥራ አለው። የተሰበረ ክንድ ይታሰርበታል፤ የሚደማ ቁስል ይጠቀለልበታል። ስለዚህ ደንቡ እንዲህ ይሁን እንላለን፤ ማንኛውም ልጅ የትምህርት ቤቱን ልብስ ለብሶ ይምጣ፤ በሻርፑ የባልንጀራውን ክንድ በትክክል ያሰረ ቀን ሻርፑ አንገቱ ላይ ይታሰርለት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለዚህ የተባለ ይመስለናል።

የመጪዎቹን ወራት ሥራ በዚህ ዐይን እንመልከተው። ከሁሉ የሚበልጠው የጥር 23 ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ በዓሉ በየዓመቱ ይከበራል፤ በዓድዋ የዘመቱት ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸው ይታሰቡበታል። ሜዳው በሰው ይሞላል፤ ጉግሱና ስግሪያው ሲጀመር አቧራው ሰማይ ይነካል። በዚያን ቀን ልጅ ከእናቱ እጅ ይጠፋል፣ ሽማግሌ በሙቀት ይዝለፈለፋል፣ ፈረስ ይራገጣል። እንግዲህ የልጆቹ ሥራ ምንድን ነው? የጠፋውን ሕፃን አንድ በታወቀ ቦታ ማቆየት፤ ለደከመው ጥላና ውሃ መስጠት፤ ከፈረስ የወደቀውን ሰው፣ በተለይ አንገቱን ወይም ጀርባውን ካመመው፣ ከመሬት ጎትተው እንዳያነሡት ሰዉን መለመንና ባለሙያ መጥራት፤ የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጎ መያዝ። ከዚህ አልፈው ወደ ውድድሩ መሥመር እንዳይጠጉ እናሳስባለን። በዚህ ነገር ግን እኛ ከሌላ አገር የመጣነው ተማሪዎች ከልጆቹ የምንማር ነን። ባለፈው ጊዜ አንዱ ባልደረባችን ከፈረስ ኋላ ቆሞ ስለ መጀመሪያ ርዳታ ሲያስተምር፣ አንድ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ እጁን ይዞ በዝግታ ወደ ጎን ሳበው። የዚያን ቀን ትልቁ ትምህርት ያ ነበር።

ስለ ውሃም ማሳሰቢያ አለን። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ያለች ናት። በእንዲህ ያለ ደጋ ላይ ውሃ ከቆላው ባነሰ ሙቀት ይፈላል፤ ስለዚህ መፍላት ከጀመረ በኋላ ቢያንስ ሦስት ደቂቃ መቆየት አለበት። ለተቅማጥም በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይቆለል ልክ ልኩን፣ በጥብጦ ማጠጣት ይገባል። እያንዳንዱ ልጅ ይህን ለእናቱ ደግሞ ሳይሳሳት ቢነግር፣ ካኪ ለብሶ ከተማውን ሦስት ጊዜ ከሚዞር ይበልጥ አገሩን አገልግሏል።

የዘንገና ጉዳይ አጭር ነው። ሐይቁ ጥልቅ ስለ ሆነ ማንም ልጅ ለመዋኘት እንዳይገባ፤ ዳሩን እናጸዳለን እንጂ ሳሙና ይዘን አንወርድም። ስለ ችግኙም የምንለው፣ ባንድ ዓይነት ዛፍ ላይ መታመን ምን እንደሚያመጣ ዲከረንሱ ስላስተማረን፣ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ብሳናና ወይራ አቀላቅለን እናፍላ ነው። ኮሶበር የሚል ስም ባላት ከተማ ኮሶን ለልጆች በስም ብቻ ማስተማር ያሳፍራል። ደግሞም የተተከለ ችግኝ ሁሉ ባለቤት ይኑረው፤ ልጁ በመስከረምና በጥር ተመልሶ ይቍጠረው። ተከልን ማለት ቀላል ነው፤ ጸደቀ ማለት ግን ዓመት ይፈልጋል።

ከዳንግላ ልጆች ጋር ታስቦ የነበረው የጉብኝት ጉዞ መንገዱ የሚያስተማምን እስኪሆን ይቆይ። በፈንታው ደብዳቤና ካርታ ይላላኩ። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን ዳንግላ ተቀምጦ፣ የዓባይንና የጣናን አገር በበቅሎና በእግሩ እየዞረ መዝግቦ፣ በ1936 መጽሐፍ አውጥቷል። ባዕድ ሰው ይህን ካደረገ፣ የአገሩ ልጆች የገዛ ሰፈራቸውን ምንጭ፣ ጤና ጣቢያና የጎርፍ መንገድ በወረቀት ላይ ማስፈር እንዴት ያቅታቸዋል? የመጀመሪያው ካርታ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ እንዲደርሰን ቀጠሮ ይዘናል።

ሁለት ነገር ሳንናገር አናልፍም። አንደኛው፣ ልጆቹ በቤታቸው የሚናገሩት አውንጊ ስለ ሆነ፣ የመጀመሪያ ርዳታው ትምህርት በአውንጊ ይሁን። ደም የሚፈሰው ሰው አጠገብ ቆሞ ቃል የሚተረጕም ልጅ ጊዜ ያባክናል። ቋንቋውን የማንችለው እኛ ጎን ቆመን እናግዝ። ሁለተኛው፣ ሴቶች ልጆች «ምግብ ያዘጋጁ» ተብለው ብቻ እንዳይጠሩ። እ.ኤ.አ. በ1909 በለንደን በተደረገው የስካውቶች ስብሰባ ላይ ሴቶች ልጆች ሳይጠሩ መጥተው «እኛስ?» ብለው ነበር። የእኛዎቹም ጠይቀዋል፤ መልሱ «ኑ» ብቻ ነው።

በመጨረሻም ወደ ራሳችን እንመለስ። በ1957 ዓ.ም. በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የተማሪዎች አገልግሎት፣ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ ወደ ጠቅላይ ግዛት ወርዶ እንዲሠራ ያዝዝ ነበር። ዛሬ የሚያዝዘን የለም፤ ትምህርት ቤቱም ከግቢያችን ሩቅ አይደለም። ሆኖም ባለፈው ዓመት በመጀመሪያው ቅዳሜ አርባ ሆነን ሄደን፣ ፎቶግራፍ ተነሥተን፣ በፈተና ሰሞን የተረፍነው አምስት ነበርን። ልጆቹ ግን ይቍጠሩናል። አንድ ልጅ ባለፈው ጊዜ፣ «ጋሼ፣ እናንተም እንደ እንግዶቹ ናችሁ?» ብሎ ጠየቀን። ካኪ ስለሌለው ልጅ አይሰለፍ ብለን ከመጻፋችን በፊት፣ ሳይመጣ ስለቀረው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንድ መሥመር መጻፍ ነበረብን።

ስለዚህ አሳባችንን ባጭሩ እናጠቃልላለን። በማስታወቂያው ላይ ያለችው የካኪ መሥመር ትሰረዝ። በቦታዋም ይህ ይጻፍ፤ «ማሳሰቢያ፤ ስብሰባው ዘወትር ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ወላጅ ይወቅ፤ ቀን በብርሃን ተጀምሮ በብርሃን ይለቅ። ልጆች ደብተርና እርሳስ ይዘው ይምጡ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቃላቸውን ይዘው ይምጡ።» ልጆቹ ተዘጋጅተው ይጠብቁናል። እኛስ?